ባሌን ያጠኑብኝ ጊዜ

ባሌ ሆስፒታል የገባው ለትርፍ አንጀት ነው። ትርፍ አንጀት ደግሞ ምን አላት፤ ቆርጠው ይጥሏታል፣ ይሰፉታል፣ ሰውየው ቤቱ ይገባል። እኛም ልብስ ሰፊዎች ነን፤ ባልና ሚስት አንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት የስፌት መኪና ጎን ለጎን ደቅነን ነው የኖርነው። ቁስሉን ገልጬ አየሁት፤ ሽሯል። በሉ እንግዲህ ባሌን ስጡኝ አልኩ። ገና ከጥናት አልወጣም አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ሆስፒታል ሐኪም የሚማርበት ነው። የሁሉ አለቃ የሆነው ፕሮፌሰር አንድ ስብሰባ ሄዶ፣ የሌሎቹ ሐኪሞች ጥናት ሲደረደር የሱ ሰዎች ባዶ እጃቸውን መሆናቸውን አይቶ አፍሮ ተመለሰ አሉ። ከዚያ አዋጅ ወጣ፤ ያላጠና ተማሪ አይመረቅም፣ ያላጠና አስተማሪ አያስተምርም። "የምርምር ባህል" የሚል ወረቀት በየግድግዳው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ተለጠፈ። ባህል በሙጫ የሚለጠፍ ነገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ያጠናሉ ስላችሁ ደግሞ ያጠናሉ። ሊፍቱን ዘግተው ሰው ደረጃ ሲወጣ የት የት እንደሚያርፍ ያጠናሉ። ግማሹን ክፍል ሻይ በስኳር፣ ግማሹን ያለ ስኳር ያጠጣሉ፤ መሀል ላይ የተኛ አንድ ሰውዬ ባለስኳር ነኝ ብሎ ሲምል ሰምቻለሁ። ዘበኛው እንኳ ሳይቀር ተለክፎ፣ በር ላይ ያቆመኝና ወደ ውስጥ ስገባ ምን እንደሚሰማኝ ይጠይቀኛል። አንተን በጥፊ ማለት ያምረኛል አልኩት፤ አመስግኖኝ ጻፈ።

በሽተኛም ሰው ነው፣ ይሰለቻል። የዳነውም ያልዳነውም ሹልክ እያለ ወጣ፤ አንዱማ ግሉኮሱ ክንዱ ላይ እንደተሰካ ታክሲ ይዞ ሄደ ይባላል። እየሳሱ እየሳሱ መጥተው በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ የቀረው የኔ ባል ብቻ ሆነ። ተማሪው ኮሪደር ሙሉ፣ በሽተኛው አንድ። ምን ያድርጉ፣ ተካፈሉት። ግራ ክንዱ ለሦስተኛ ዓመቶች፣ ቀኙ ለአራተኛ ዓመቶች ደረሰ። እንቅልፉን አንዲት ስፔሻሊስት ወሰደችው። ሳሉን ሁለት አስተማሪዎች ተጣልተውበት፣ ፕሮፌሰሩ አስታርቆ ለአንዱ የጠዋቱን፣ ለአንዱ የማታውን ሰጠ። አንድ ቀን ጥፍሩ አድጎ አይቼ መቁረጫ ሳወጣ፣ አንድ ጎረምሳ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ጥፍሩ የእሱ ነበር።

ስለ ባሌ ደግሞ ልንገራችሁ። ሰፈር "እሺ" ብሎ ነው የሚጠራው፤ ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ። ዝናብ መጣ ስለው እሺ፣ ሱሪው አጥሯል ስለው እሺ፣ ምነው ዝም አልክ ስለውም እሺ። እኔ ምላሴ ሹል ነው፣ አልክድም፤ ስለፈልፍና ስነዘንዝ የምውል ሴት ነኝ። ሰው እንዴት ቻላት ይላል። እኔ እንዴት እንደቻልኩት ግን የጠየቀኝ የለም።

ያ ሰው ሆስፒታል ገብቶ አፍ አወጣ። ባለመነጽሯ የምላት አንዲት ተማሪ አለች፣ ነፋስ የሚወስዳት ቀጭን። ጠዋት ጠዋት ወንበር ስባ አጠገቡ ትቀመጥና "እንዴት አደሩ?" ትለዋለች። እኛ ሰዎች እንዴት አደርክ እንላለን እንጂ መልሱን መቼ እንጠብቃለን፤ ደህና ይባላል፣ ይታለፋል። እሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። ባሌ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ከዚያ ጀመረ። በየትኛው ጎኑ እንደተኛ፣ መቼ እንደነቃ፣ ሲነቃ ምን እንዳሰበ። ልጅ ሆኖ ጨለማ ይፈራ እንደነበር፣ አሁንም ትንሽ እንደሚፈራ ነገራት። እኔ ሾርባ ይዤ በር ላይ ቆሜ ጉድ እላለሁ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ አልጋ ላይ ሳረጅ፣ ምነው መብራቱን ብታጠፋው እያልኩ ስጮህበት ኖሬ፣ ይህን የሰማሁት ከበር ላይ ነው። ተናደድኩ። ቀናሁም፤ በልጅቷ አይደለም፣ በጥያቄዋ ነው የቀናሁት።

እያደር ቤቱም ሱቁም አስጠላኝ። የሱ መኪና ጨርቅ ለብሳ ስትቆም ሳያት ሆዴ ይባባል። ይመለስልኝ ብዬ ወጣሁ ወረድኩ፤ ተማሪዎቹ ወደ አስተማሪዎቹ፣ አስተማሪዎቹ ወደ ፕሮፌሰሩ ይልኩኛል። በመጨረሻ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ትሁት ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ባሌ የትምህርት ቤቱ ተስፋ መሆኑን፣ እሱ ቢሄድ ያ ሁሉ ተማሪ ሳይመረቅ እንደሚቀር ያስረዳኝ ጀመር። ሰውን ያለ ፈቃዱ ማሰር ወንጀል ነው፣ ፖሊስ ይዤ እመጣለሁ አልኩት። ደነገጠ።

"ማን አሰራቸው፣ እህቴ?" አለኝ። "በየጠዋቱ መውጣት ይፈልጋሉ ወይ ብለን እንጠይቃቸዋለን። አዎ ካሉ ምክንያት እንኳ አይጠየቁም። እሳቸው ናቸው እቆያለሁ የሚሉት።"

ከዚያ ቢሮ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። እኔ ከዘበኛ ጋር ስተናነቅ፣ በሩን የዘጋብኝ ለካ ራሱ ባሌ ኖሯል። ደሜ ፈላ። ከንዴቱ ስር ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ፈራሁ። ሰው ቤቱን ትቶ የሆስፒታል አልጋ ከመረጠ፣ ቤቱ ምን ሆኖበት ነው?

ልኩን ልነግረው ክፍሉ ስደርስ ባለመነጽሯ አልጋው አጠገብ ነበረች። አፌን ሳልከፍት ተነስታ ትለማመጠኝ ጀመር። የሷ ጥናት ስለ ባልና ሚስት ነው። ባልየው ሚስቱ ምን እንደምትል ይገምታል፣ ሚስቲቱ የራሷን ትመልሳለች፣ ከዚያ የሁለቱ መልስ ይመሳከራል። ባሌ ግምቱን ከሰጠ ቆይቷል፤ አልያዝ ያልኳት እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ እባክዎን እናቴ ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። አንጀቴን በላችውና ጠይቂ አልኳት።

"ባለቤትዎ ወደ ቤት እንዲመለሱ ምን ያህል ይፈልጋሉ?" አለች። "እጅግ በጣም፣ በጣም፣ በመጠኑ፣ በጥቂቱ፣ ወይስ በፍጹም አልፈልግም? አንዱን ይምረጡ።"

ማን እንደነገራቸው እንጃ፣ በሩ ላይ ነጭ ጋዋን ተደረደረ። የግራ ክንድ ባለቤቶች መጡ፣ ባለጥፍሩ መጣ፣ ከባለሳሎቹ የጠዋቱ መጣ። በፍጹም አልፈልግም ብል ባሌ ይቀርላቸዋል፣ እነሱም ይመረቃሉ። እንደዚያ እንድል በልባቸው ሲለምኑ ከፊታቸው አነበብኩት። ባሌ ኮርኒሱን ያያል።

ልሰድባቸው ነበር፤ ስድብ ሞልቶኝ ነበር። የወጣው ሌላ ነው።

"ቧንቧው ያፈሳል" አልኩ። "ያፍስ፣ እሱስ ይጠገናል። ማታ ሱቅ ዘግቼ ንዴቴን ይዤ ቤት እገባለሁ፤ የምነግረው ሰው የለም። ትናንት የሱን ሸሚዝ ፈትቼ መልሼ ሰፋሁት፣ አንድም ቦታ ሳይቀደድ። ለምን ብትይኝ አላውቅም። እንዲህ ያለው ከአምስቱ የትኛው ነው?"

ባለመነጽሯ ቀስ ብላ "እጅግ በጣም" ብዬ ልጻፈው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ጻፊ አልኳት።

ባሌ ዓይኑን ከኮርኒሱ አወረደ። "እኔ በፍጹም አትፈልግም ነበር ያልኩት" አለ።

እሺ ሲለኝ የኖረው አልሰማ ብሎኝ ይመስለኝ ነበር። እሱ ግን አንድ በአንድ ሰምቶ፣ ደምሮ፣ አትፈልገኝም ከሚለው ላይ ደርሷል። ማጥናት ማለት ይህ ከሆነ ከዚያ ሁሉ ነጭ ጋዋን በፊት ያጠናው ባሌ ነው፤ ግን ተሳስቷል።

ተሳስተሃል አልኩት።

ቀና ብሎ ተቀመጠና እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። ተማሪዎቹ ከበቡት፤ እስከ ምረቃ ብቻ አባባ፣ ግራ ክንድዎን ብቻ እንኳ በየሳምንቱ እያሉ ለመኑት። እሱ በእግሩ ጫማውን ይፈልጋል። ጫማው ከአልጋው ስር ርቆ ገብቶ ነበር። ተንበርክኬ አወጣሁለትና እየጮህኩ ወረድኩበት፤ ጫማ እንዲህ ይወረወራል ወይ፣ ማሰሪያውን ሳትፈታ ነው እንዴ የምታወልቀው፣ አንተ ሰውዬ መቼ ነው የምትሻሻለው እያልኩ። እንባዬ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል። ጩኸቴን አቋረጥኩ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ።

"እንዳታቆሚ" አለኝ።