የግራው የፊት ጥግ

በዚያ የብርድ ወራት ድንቹ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ሰው ለከብት የዘራውን ሥራሥር ቀቅሎ በላ። የቦዩ ውሃ እስከ ታች በረዶ ሆነ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ለመድፍ አቅልጠውት ስለነበር፣ አብራሪው ኤይለርት በሬሳ ሳጥን ሆኖ ከግንባር ሲመጣ የደወለለት የለም።

አባቱ ኦኮ ሳጥኑን እሳት ዳር አሳርፎ ለቀስተኛ ተቀበለ። ሻይ ስለጠፋ የተቆላ ገብስ ተፈልቶ ተቀዳ። ሰዉ ልጁ ስለጣላቸው አምስት አውሮፕላኖች ያወራል። ኦኮ ዓይኑን ከበሩ ላይ አልነቀለም።

«ሉበርት አልመጣም» አለች የኦኮ እህት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አይቻለሁ።»

«ነገ የሳጥኑን የፊት ጥግ ማን ሊይዝ ነው? አጥር የምንጋራው ከእሱ ጋር ነው። ጎረቤት ያልተሸከመው ሬሳ ከዚህ ቤት ሊወጣ ነው?»

«ከጦሩ ተሸካሚ ወታደሮች ተልከዋል።»

«ወታደር ጎረቤት ነው እንዴ!»

ከጦርነቱ በፊት የሉበርት ሚስት በታይፈስ ስትሞት መንደሩ በሽታውን ፈርቶ በሩን ዘግቶ ነበር። ገና ጢም ያላወጣው ኤይለርት ብቻ ሄዶ ከሉበርትና ከሉበርት ወንድሞች ጋር ሬሳዋን ተሸከመ። አብራሪ ሆኖ ባለፈው በጋ ለፈቃድ ሲመጣ ግን፣ መጀመሪያ የጣለው አውሮፕላን እንዴት እየተሽከረከረ እንደወረደ በእጁ እያሳየ ሉበርት በተጋበዘበት ማዕድ ላይ ተረከ።

«የሞተውን ሰውዬ ማን ተሸከመው?» አለ ሉበርት።

ኤይለርት ሳቀ። «ከላይ ሆኜ ምን አውቄ፣ ጋሼ!»

ሉበርት ማንኪያውን አስቀምጦ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጠም።

ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ሳጥኑን አጅቦ የመጣው መካኒክ ብራንደስ ወደ ኦኮ ጠጋ አለ።

«አባባ፣ የመጨረሻውን አውሮፕላን የጣለው እኛ በያዝነው መሬት ላይ ነው። የራሱን አውሮፕላን አጠገቡ አሳረፈ። ሟቹ እንግሊዛዊ ነበር፣ ልጅ ነው። መኮንኖቹ ድሉን እናክብር ብለው ኤይለርትን ሲጠሩት ‹መጀመሪያ ይሄን ልሸከም› አላቸው። በሳምንቱ የራሱ አውሮፕላን ክንፍ አየር ላይ ተገነጠለ።»

ኦኮ ተነስቶ አጥሩን ተሻገረ። የሉበርት ጥቁር ካፖርት ተቦርሾ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ኦኮ የሰማውን ነገረው።

«ባትነግረኝም እመጣ ነበር» አለ ሉበርት። «የሚስቴ ውለታ አለብኝ። እንግሊዙን ሲሸከም ከፊት ነው ከኋላ የያዘው?»

«አልጠየቅኩም።»

«ከፊት ነው። አውቀዋለሁ።»

በማግስቱ ስድስት ወታደሮች ሳጥኑን ከበቡ። ሉበርት ከግራ የፊት ጥግ የቆመውን ረጅም ወታደር ክንዱን ነካው።

«ዘወር በል፣ ልጄ። ይሄ ቦታ ባለቤት አለው።»

መቶ አለቃው «ሽማግሌው፣ ቁመትዎ አይደርስም» አለ።

«አንተ ወደፊት ተመልከት።»

ሲያነሱት ሳጥኑ ወደ ሉበርት ዘመመ። ሽማግሌው በአንድ እጁ ደግፎ፣ በሌላው ባርኔጣውን አወለቀና አጣጥፎ ትከሻው ላይ ደለደለው። ሳጥኑ ተስተካከለ።