ድርብ ወለል ያለው ፉርጎ

ጋሽ ፉፋ ያን ወሬ የጀመሩት ልቅሶ ቤት ነው። ሰው አስተዛዝኖ ሲያበቃ ካርታ ይመጣል፣ ካርታ ሲመጣ የድሮ ወሬ ይከተላል። በአዳማ የባቡር ጡረተኞች ድንኳን ውስጥ ደግሞ የድሮ ወሬ ማለት ያው ባቡር ነው። ጋሽ ፉፋ ዕድሜያቸውን በባቡሩ ላይ ቲኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው አሁን የጡረተኞቹ እድር ዳኛ ናቸው። ጨዋታው ሲደራላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና እንዲህ አሉ፦

«አሰለፈች ከድሬዳዋ ጨርቅ ስታመላልስ የማላውቅ ይመስላት ነበር። አውቅ ነበር እንጂ! ባሏ ሞቶባት፣ ልጅ ታቅፋ፣ ምን ላድርጋት? አይቼ እንዳላየሁ አሳለፍኳት።»

ድንኳኑ በሙሉ ከንፈሩን መጠጠላቸው። ሻይ ስታድል የነበረችው የአሰለፈች ልጅ ቤዚ ትሪውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቤዚ ሞጆ ደረቅ ወደብ ትራንዚተር ናት። የኮንትሮባንድ ነጋዴ ልጅ የጉምሩክ ሥራ ይዛ እንጀራዋን ትበላለች፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ማታ ቤት የገባችው ዓይኗ ቀልቶ ነው።

«እማዬ፣ ጋሽ ፉፋ ባለውለታችን ናቸው ለካ! ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ? ለእድሩ አዳራሽ የምትሠራው ትንሿ ባቡር የምትመረቅ ቀን በሕዝብ ፊት ቆሜ አመሰግናቸዋለሁ።»

አሰለፈች ደሟ ፈላ። ሌባ ቢሏት ባልከፋት፤ አስመጪ ነበርኩ ብላ ትስቅ ነበር። ምስኪን መባሉ ነው ያንገበገባት። ልጇን ያሳደገችው በብልሃቷ እንጂ በአንድ ተቆጣጣሪ ርኅራኄ አይደለም። ይህን ደግሞ ከራሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ የሦስተኛ ማዕረጉ ፉርጎ ጫፍ ላይ የተቆጣጣሪው ክፍል ነበረች፤ በውስጧም ሸራ የለበሰች ሣጥን መሳይ የእንጨት ወንበር። ድሬዳዋ ላይ ጋሽ ፉፋ ሻይ ሊጠጡ ሲወርዱ አሰለፈች ትገባና የጅቡቲውን ሽፎን በሸራው ሥር ደልደል አድርጋ ታነጥፈዋለች። እሳቸው ተመልሰው ይቀመጡበታል። አዋሽ ላይ ኮንትሮባንድ የሚፈትሹት ፊናንሶች ወጥተው የመንገደኛውን ዘንቢል ሁሉ ሲበረብሩ፣ ተቆጣጣሪውን ከወንበሩ ተነስ ያለ ፊናንስ አልነበረም። እሷም ሁልጊዜ ከብርቱካኗ ሥር ሁለት ሳሙና ታስቀምጣለች። ጋሽ ፉፋ ሳሙናውን አግኝተው፣ ተቆጥተው፣ አንድ ብርቱካን ለሕጉ ወስደው ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። አዳማ ሲደርሱ ባንዲራቸውን ይዘው ቀድመው የሚወርዱት እሳቸው ናቸው፤ እሷ ደግሞ የወንበራቸውን ሸራ ገልጣ ጨርቋን የምታወጣው ያኔ ነው።

በነጋታው አሰለፈች ይትባረክ ሱቅ ሄደች። ይትባረክ ማኅተም ቀራጭ ነው። የሐኪም ስም፣ የጠበቃ ስም፣ የሟች ስም በናስ ላይ በአሲድ ያወጣል። አባቱ የባቡር ሰው ስለነበር ለእድሩ አዳራሽ ትንሽ ባቡር ከነሐዲዱ እሠራለሁ ብሎ ከተነሳ ቆይቷል፤ ጡረተኞቹም አንዳንድ ፉርጎ ተካፍለው እየገጣጠሙለት ነው። ሥዕሉን በስስ የናስ ሉህ ላይ ያትምና አሲድ ውስጥ ይነክረዋል። አሲዱ ያልተሸፈነውን በልቶ ሲጨርስ ግድግዳው፣ መስኮቱ፣ መወጣጫው፣ ከጤፍ የማትበልጥ ብሎን ሳትቀር በአንድ ሉህ ላይ ተዘርግታ ትወጣለች። የቀረው የእጅ ሥራ ነው። እያንዳንዱን ክፍል በስለት ከሉሁ ማላቀቅ፣ ጠርዙን መሞረድ፣ በወረንጦ ይዞ ማጠፍ፣ ከዚያ በእርሳስ መበየድ። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አሲዱ ግማሽ ድረስ ብቻ የበላው ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ወደ ውስጥ ሆኖ አንዴ ይታጠፋል። ተሳሳትኩ ብሎ መልሶ ላቃና ያለ ሰው ሁለት ቁራጭ ይዞ ይቀራል።

«የሦስተኛ ማዕረጉን ለኔ ተወው» አለችው አሰለፈች። «ግን ከሥር ሌላ ወለል ጨምርልኝ። ጨርቅ የሚደበቅበት።»

«እትዬ፣ ያ ፉርጎ ድርብ ወለል ነበረው እንዴ?»

«አልነበረውም።»

ይትባረክ ወረንጦውን አስቀመጠ። አሰለፈችም ከድሬዳዋ እስከ አዳማ ያለውን ሁሉ ነገረችው። ሰውየው እየሳቀ ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ታዲያ ለቤዚ ለምን ዝም ብለሽ አትነግሪያትም?»

«ብነግራትማ እሳቸው እሱንም አውቅ ነበር ይላሉ። ዳኛ ናቸው፣ ክራቫት ያስራሉ፤ እኔን ማን ያምነኛል? ቦታውን በገዛ አፋቸው ይናገሩና ሰው ይስማቸው። ሳሙና ለምደዋል፣ ሳሙና እሰጣቸዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ይትባረክ ሱቅ እየሄደች ትገጣጥም ጀመር። ዕድሜ ልኳን ጥልፍ የጠለፈች ሴት ናትና ጣቷ አይንቀጠቀጥም። መስኮቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በሮቹ በማጠፊያቸው ዞሩ፣ ድርቡ ወለልም ከሥር ገብቶ ልክክ አለ። ያስቸገረቻት ያቺ የተቆጣጣሪው ወንበር ብቻ ናት። የመጀመሪያዋን መስመሩን ወደ ውጭ አድርጋ አጠፈቻትና ላስተካክል ስትል እጇ ላይ ተሰበረች። «አሁንም በዚህ ሰውዬ ወንበር ላይ መከራዬን ልይ?» ብላ ይትባረክን ሌላ አስነከረችው። ሁለተኛይቱ ተሳካች፤ በሸራው ፈንታ የተሠራው ክዳኗም በጥፍር ሲነኩት ይነሳል።

አንድ ቀን ጋሽ ፉፋ ሥራው የት ደረሰ ብለው መጡ። «አካም ጅርታ፣ እንደምነሽ አሰለፈች!»

«ነጋ፣ ጋሽ ፉፋ» አለችና እንደደነገጠ ሰው ፉርጎውን በመሐረብ ሸፈነችው። መሐረቡን ሆን ብላ ያነሰ ነበር የመረጠችው፤ የፉርጎው ሆድ ዕቃ በሙሉ ይታያል። ከዚያ ውኃ ላምጣልዎት ብላ ወጣች።

ይትባረክ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ያያል። ጋሽ ፉፋ በሩን አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ መሐረቡን ገለጥ አድርገው ወለሉን በጥፍራቸው አነሱት። ሌላ ወለል! «ዋቆ ኮ! አምላኬ!» አሉ ቀስ ብለው። ስንት ዓመት ሙሉ የበላቸው ነገር አሁን ተገለጠላቸው፤ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በራ። አሰለፈች ውኃውን ይዛ ስትመለስ እሳቸው ጣሪያውን እያዩ ያፏጫሉ።

እሷ ግን እንደ ይትባረክ አልሳቀችም። ጎጆዋ ከገባች በኋላ አንድ ሐሳብ ይዞ አልለቅ አላት። እውነት አውቀው ቢሆንስ? የተቀመጡበትን እያወቁ፣ እሷን እያዩ፣ ዝም ብለው ቢሆንስ? በምርቃቱ ቀን ወለሉን ትተው ወንበሩ ነው ያሉ እንደሆነ፣ ያ ሁሉ ብልሃቷ ከንቱ ነበር ማለት ነው። ወጣትነቷ በሙሉ የሰው ስጦታ ሆኖ ይቀራል። ፈራች። ፊናንስ ሲመጣ ያልፈራችውን ያህል ፈራች።

እሑድ ከሰዓት የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ድስቱና የድንኳኑ ሸራ ወደ ጥግ ተገፍቶ ረጃጅሞቹ ጠረጴዛዎች ላይ ሐዲዱ ተዘርግቷል። ቢሾፍቱ ከነሐይቋ በመስታወት ተሠርታለች፤ የሞጆ ጣቢያ የጫማ ካርቶን መሆኗ ቢታወቅም ማንም ቅር አላለውም። ትንሿ ባቡር የእያንዳንዱን ሰው ፉርጎ እየጎተተች አንዴ ዞረች። ጡረተኞቹ አጨበጨቡ፣ አንዳንዶቹም እንባቸውን ጠረጉ። ባቡሯ አዳማ ላይ ስትቆም ጋሽ ፉፋ ክራቫታቸውን አስተካክለው ተነሱ።

«ይቺ ሦስተኛ ማዕረግ የአሰለፈች ሥራ ናት» አሉ። «ምስጢር አላት። ዛሬ ሁላችንም ሽማግሌ ስለሆንን ልናገር። ይቺ ፉርጎ ድርብ ወለል ነበራት! ጨርቁ ከወለሉ ሥር ነበር። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር፤ ስለ ልጇ ብዬ ዝም አልኩ።»

ጭብጨባ ሆነ። ቤዚ እንባዋን እየጠረገች ልትነሳ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«ጋሽ ፉፋ፣ ወለሉ ነው? እርግጠኛ ነዎት?» አለች አሰለፈች።

«ወለሉ ነዋ! በእግሬ ስረግጠው እንኳ ድምፁ ይለያል። ከበሮ ነበር የሚመስለው!»

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ በጋሽ ፉፋ ላይ ሁለቱም ደርሷል። አሰለፈች ደረቷ ቀለለ። ገና አንድ ቃል ሳትናገር ግን ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ዘሎ ተነሳ። አቶ አብተው ናቸው፣ የፉርጎ ጠጋኝ የነበሩት። ያን ሰሞን ልጃቸው ጋ ደራ ከተማ ሰንብተው ፉርጎዋን ገና ዛሬ ማየታቸው ነው።

«የምን ድርብ ወለል! ዕድሜዬን በጀርባዬ ተኝቼ ከሥሩ ስጠግን የኖርኩት እኔ! አንድ ጣውላ ነው፣ ከጣውላው በታች ሐዲድ ነው! ማን ነው በፉርጎዬ ላይ የሚያላግጠው?»

«እኔ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች አሰለፈች። ፉርጎዋን አንስታ ጣሪያዋን ከፈተች። በወረንጦ የተቆጣጣሪውን ወንበር ክዳን ብድግ አድርጋ ሰማያዊ የሽፎን ቁራጭ ስባ አወጣችና ለሕዝቡ አሳየች። «ጨርቄ የነበረው እዚህ ነው። ጋሽ ፉፋ ተቀምጠውበት ነው አዳማ የሚገባው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፉፋ እጃቸውን አነሱ። «እሱንም… እሱንም አውቅ ነበር!»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች አንዲት ሴት። ባለቤታቸው አማረች ናት። «ወንበሩ ለሰለሰልኝ ያልከው ያኔ ነው እንዴ?»

«አማረች!» አሉ ጋሽ ፉፋ።

አማረች ግን አንዴ ከጀመረች ባቡርም አያቆማት። «ጉድ እኮ ነው! የሠራተኛው ውይይት ክበብ ላይ ተነስቶ፣ ለጭቁኑ ሠራተኛ መቀመጫ አስቦ ፍራሽ ያደረገልንን አመራር አመሰግናለሁ ብሎ አስጨበጨበ። አመራሩ ምኑም ሳይገባው አብሮ አጨበጨበ። ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች ለኛስ ብለው ተነሱ! ፍራሹ ይጣራ ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ።»

«እኔ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ!» ብለው ጮኹ አቶ አብተው። «ሄደን ስናይ ወንበሩ ደረቅ እንጨት!»

«አዎ! የመንግሥትን ፍራሽ ሰርቀህ ሸጠሃል ተብሎ አቧራው ጨሰ። በሰው ፊት ጥፋትህን ተናዘህ ሒስ አውርድ ተባለ፣ ከሥራም ለጥቂት ተረፈ። ቤት መጥቶ ያለቀሰው ለቅሶ!»

አሰለፈች ይህን አታውቅም ነበር። ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። አሸንፋለች፤ ማሸነፏን ግን እንዲህ ሆኖ አልጠበቀችውም።

«ጋሽ ፉፋ፣ በሞቴ… ሲጠይቁዎት ምን አሉ?»

ጋሽ ፉፋ መነጽራቸውን አወለቁ። ወደ ወንበሯ አዩ፣ ወደ ሽፎኑ አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። ትከሻቸው ወረደ።

«ምን እላለሁ? ለስላሳ ነበር አልኳቸው። አላወቅሁም፣ አሰለፈች። ባውቅማ ኖሮ ያን ሁሉ ሒስ ተቀምጬ እውጣለሁ? አታለልሽኝ። በቁሜም በተቀመጥኩበትም አታለልሽኝ።»

አሰለፈች ይህን ቃል ነበር የፈለገችው። ሰማችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከደስታው ይሁን ከጸጸቱ ለራሷም አልለየላት። ጠጋ ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ብድግ አድርገው ከለከሏት።

ቤዚ ምስጋናዋን የጻፈችበትን ወረቀት እንደያዘች መሀል ቆማ ቀርታለች። «አሁን እኔ ማንን ነው የማመሰግነው?» አለች።

ጋሽ ፉፋ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ደረታቸውን ነፉ።

«እኔን ነዋ! ድሬዳዋ ላይ የተሰጠኝን አደራ አዳማ ድረስ ከላዩ ሳልነሳ ያደረስኩ ማን ሆነና ነው? ልጄ፣ አንቺን በመቀመጫዬ ነው ያሳደግኩሽ!»

ቤዚ ከሳቋ ጋር እየታገለች ወረቀቷን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች።