ሠላሳ-ሠላሳ ወይስ ሠላሳ አምስት?

ኡርሆ እንድንጋባ የጠየቀኝ ጠመንጃውን እየወለወለ ነው። አበባ አልያዘም፣ አልተንበረከከም። «ሌምፒ፣ ብንጋባስ?» አለኝና እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥይት አይሆንም» ብሎ ጨመረበት። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልቤ ግን እንደ ኮረዳ ዘለለች። ወዲያው ደግሞ ደሜ ፈላ።

ሁለታችንም የምንይዘው ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች እየሳቡ ወደ ላይ እየመለሱ የሚያቀባብሉትን ጠመንጃ ነው። እዚህ በሰሜን ሚቺጋን ጫካ ሌላ ይዞ የመጣ ሰው እንግዳ መሆኑ ያስታውቃል። ጠባችን በጥይቱ ነው። የእኔ ሠላሳ-ሠላሳ ይባላል፤ ቀጠን ያለ፣ ፈጣን፣ የትም ሱቅ የሚገኝ። የእሱ ሠላሳ አምስት ነው፤ ወፍራም፣ አፍንጫው ድቡልቡል፣ ለማግኘት ከተማ ለከተማ የሚያዞር። ከአባቱ የወረሰው ነው። አባትየው አንዴ የወንድሙን ጥይት በስህተት ይዞ ወጥቶ፣ ጠመንጃው አልጎርስ ብሎት ያን የሚያህል አጋዘን ፊቱ ሲግጥ ቆሞ አይቷል አሉ። «አንድ ቤት፣ አንድ ጥይት» የሚሉት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሟቹ ባሌ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ጫማዬን እንኳ የሚመርጥልኝ እሱ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ብቻዬን ሱቅ ገብቼ፣ ትከሻዬ ላይ ሞክሬ፣ ይሄ ነው ብዬ የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃ ይህ ጠመንጃ ነው። ኡርሆን እወደዋለሁ፤ ከሩቅ ሳየው ያለ ምክንያት ሳቄ ይመጣል። ቢሆንም ጠመንጃዬን አስረክቤ የማንም ሚስት አልሆንም።

ውርርዱን ያመጣው ታናሽ ወንድሜ ሬይኖ ነው።

«አደኑ በሚከፈትበት ቀን ቀድሞ አጋዘን የጣለ የቤቱን ጥይት ይምረጥ፤ ተሸናፊው ጠመንጃውን ለእኔ ይስጠኝ» አለ።

«አንተን ደግሞ ማን ጠራህ?» አልኩት።

«እኔ ዳኛ ነኝ እቴ። መቀሱም እኔ ጋ ነው።»

መቀሱ ለሸሚዝ ነው። በእኛ የአደን ጎጆ ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጫፍ ይቆረጥና ግድግዳ ላይ በሚስማር ይመታል። የሬይኖ ጨርቅ ብቻ ግማሹን ግድግዳ ሸፍኖታል፤ ሆኖም አያፍርም። እኔም ፎከርኩና ተስማማሁ።

በኖቬምበር አሥራ አራት፣ በአደኑ መክፈቻ ዋዜማ፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲያችንን በልተን በየተራ የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናው ውስጥ ገባን። መጀመሪያ እኔ፣ ቀጥሎ ወንዶቹ። ካፖርቶቻችን ከምድጃው ጀርባ እንዲደርቁ ተሰቀሉ። የእኔም የኡርሆም ቀይና ጥቁር ዳማ ያለው የሱፍ ካፖርት ነው፤ ቁመታችንም እኩል ነው። ሊነጋ ሲል በኩራዝ ብርሃን እየተጋፋን ለበስን፤ ከላይ ብርቱካናማውን ሰደርያ ደረብን፤ በየፊናችን ወጣን። እኔ ከረግረጉ ወዲህ፣ ኡርሆ ከረግረጉ ወዲያ፣ ሬይኖ ደግሞ ከኮረብታው ላይ።

አንድ ጥድ ሥር ተቀምጬ ጎህ ሲቀድ ጥይት ለማጉረስ እጄን ኪሴ ከተትኩ። የወጣው ጥይት ወፍራም ነው። አፍንጫው ድቡልቡል ነው። ሌላ አወጣሁ፤ ያው ነው። ጠመንጃዬ ጎን ባለው ማጉረሻ ቀዳዳ ለመግፋት ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ካፖርቱን አሸተትኩት፤ ኡርሆን ኡርሆን ይሸታል።

ሳቅ አፈነኝ። ጓንቴን ነክሼ ሳቅኩ። የእሱ ጥይት እኔ ጋ ከሆነ የእኔ እሱ ጋ ነው፤ የአባቱ ስህተት በእሱም ላይ ደረሰ ማለት ነው! ቀና ስል ያ ጉደኛ ሰውዬ በረዶውን እየረገጠ፣ በጭቃው እየተንሸራተተ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ተነሥቼ ሄድኩ። መሃል ረግረጉ ላይ ተገናኘን።

«የማንን ካፖርት ነው የለበስሽው?» አለ በሹክሹክታ።

«አንተስ የማንን ነው?»

«ዝም በይና ጥይቴን ስጪኝ!»

«መጀመሪያ አንተ ስጥ!»

ማውለቁ ጊዜ ይፈጃል ብለን እኔ እሱ በለበሰው ካፖርት ኪስ፣ እሱ እኔ በለበስኩት ኪስ እጃችንን ከተትን። እንደዚያ ተጠላልፈን፣ አፍንጫ ለአፍንጫ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆመን ሳለ ከዛፎቹ መሃል ቀንዱ ዛፍ የሚያህል አጋዘን ወጣና ትክ ብሎ አየን።

አንዷን አጎረስኩ። አቀባበልኩ። አነጣጠርኩ። ኡርሆ ከጎኔ ሳቁን ሲያፍን በአፍንጫው ፉጨት ወጣ፤ እኔም እየተንፈቀፈቅኩ ተኮስኩ። ቅርፊት ከዛፍ በረረ። አጋዘኑ ጥቂት ዘለለና ጎኑን ሰጥቶን ቆመ፤ ዓይነ ስውር እንኳ አይስተውም። ኡርሆ አጉርሷል። ጠመንጃውን አነሣ። ጠመንጃዬ መሄዱ ነው።

አልተኮሰም። ዝቅ አደረገው። አጋዘኑ ተዝናንቶ ወደ ጫካው ገባ።

ሳቄ ጠፋ። «ለምን አልተኮስክም?»

«ብተኩስ ጠመንጃሽን ታጪ ነበር።»

«ማን ማረኝ አለህ? ራስህ ወስነህ ምርጫዬን ቀማኸኝ እንጂ መቼ ምሕረት ለመንኩህ?»

«እና ምን ላድርግ? ብተኩስ ጥፋት፣ ባልተኩስ ጥፋት!»

እውነቱን ነው። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ያን ጊዜ ሬይኖ መቀሱን እያቅጨለጨለ ከኮረብታው ወርዶ ደረሰ።

«ማን ሳተ? እቴ ሸሚዝሽን!»

ቆረጠው። ወገቤን ብርድ መታኝ። ከዚያ ነው የተናገርኩት።

«ስማ ኡርሆ። ውርርዱ ቀርቷል። ሬይኖ፣ አንተም ሂድ። ሁለት ጠመንጃ፣ ሁለት ዓይነት ጥይት አንድ ቤት ይገባሉ፤ ካልገቡ እኔም አልገባም። አሁን መልስልኝ።»

ኡርሆ ቆቡን አወለቀ። ራሰ በራው በብርዱ ጨሰ። «ይግቡ» አለ። «አባቴ ይቅር ይበለኝ። ሁሉም ይግባ፤ ብቻ አንቺ ግቢ።» ሳላስበው አቀፍኩት። ሬይኖ «ኧረ አጋዘኖቹን አስፈራችሁብኝ!» እያለ ጮኸ።

ከእቅፉ ስወጣ ዓይኔ ሠላሳ አምስቱ ላይ አረፈ። ስንት ዓመት ስሰድበው ኖሬ አንዴም ተኩሼበት አላውቅም።

«አምጣው» አልኩት።

«ምኑን?»

«እሱን ነዋ! ማንም አላስገደደኝም፤ ራሴ ነኝ ያልኩት።»

ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አሳረፍኩ። ማዶ ያለውን የበሰበሰ ጉቶ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ። ክፉኛ ይራገጣል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ነበር። አልተራገጠም፤ ዝግ ብሎ፣ በመዳፍ እንደሚገፋ ሰው ገፋ አደረገኝ። ጉቶው ለሁለት ተከፈለ። ደስታዬ ከእግር ጥፍሬ ተነሥቶ ጆሮዬ ድረስ ወጣ፤ ፊቴን ለማኮሳተር ታገልኩ።

«እንዴት ነው?» አለ ኡርሆ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

«እንጃ» አልኩት። «አንድ ጨምርልኝ።»