ከነካርቶኑ

«አልከፍትም ብያለሁ፤ አልከፍትም!»

አቶ ክንዱ ይህን ያሉት ቁልፉን በጭብጣቸው ይዘው፣ ጀርባቸውን ፕላዝማው ለተቆለፈበት የብረት ሳጥን ሰጥተው ነው። ፊት ለፊታቸው የባዮሎጂ መምህርቷ ህይወት ላፕቶፗን አቅፋ ቆማለች። ከኋላዋ ስልሳ ሁለት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ደብተራቸውን ዘርግተው፣ ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት ዐይናቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያንከራትታሉ።

«ጋሼ ክንዱ፣ በማርያም! አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። ፈተናው እኮ ሰኞ ነው። መብራት ከጠፋ አምስት ቀን ሆኖት ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ገና መምጣቱ ነው። ተመልሶ ቢሄድስ?»

«የእኔስ ነገር? ዘጠኝ ሰዓት ላይ የርክክብ ኮሚቴው ከወረዳ ይመጣል። ይህን ፕላዝማ በደህና ካላስረከብሁ ክሊራንስ የለም፤ ክሊራንስ ከሌለ ጡረታ የለም። እስከ ዛሬ ታግሼሻለሁ፤ ዛሬ ግን በፍጹም!»

ታግሠዋታል፤ ሐቅ ነው። አቶ ክንዱ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው በዚህች ትምህርት ቤት የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ያለ ፊርማ ከእጃቸው የወጣ አንዲት ጠመኔ የለችም። ተማሪው በሌሉበት «ጋሼ ፈርሙ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ደስ ሳይላቸውም አይቀር። የገቢና የወጪ ሞዴሎቻቸው፣ ንብረት የሚፈራረሙባቸው ቅጾች፣ ሥርዝ ድልዝ አያውቁም። ግምጃ ቤታቸው ውስጥ በእርዳታ የመጡ አምስት ማይክሮስኮፖችና አንድ ፕሮጀክተር አሉ፤ የሁሉም ካርቶን ፕላስተሩ እንኳ አልተላጠም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ንብረት ቆጣሪዎች መጥተው «ከነካርቶኑ ነው?» ሲሉ፣ አቶ ክንዱ ደረታቸውን ነፍተው «ከነካርቶኑ!» ይላሉ። ቆጣሪዎቹም «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ።

ፕላዝማው በሳተላይት የሚያመጣውን ትምህርት ካቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። በደህናው ጊዜም ቢሆን በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ የሚታየው አስተማሪ በእንግሊዝኛ እየተንደረደረ ያወራል እንጂ ማንንም አይጠብቅም፤ ተማሪው ገባውም አልገባውም ጊዜው ሲደርስ ደህና ሁኑ ብሎ ይሰናበታል። ህይወት ዐምና ተመድባ ስትመጣ አንድ ዘዴ ፈጠረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡሬ እየሄደች፣ ከኢንተርኔት ቤት በነፃ የተለቀቁ የትምህርት ቪዲዮዎችን ላፕቶፗ ላይ ትገለብጣለች፤ ሰኞ ላፕቶፑን በገመድ ከፕላዝማው ጋር ታገናኛለች። የመጀመሪያ ቀን አቶ ክንዱ እንደ ወንጀል መርማሪ ነበር የጠየቋት።

«ይህን ትምህርት ማን ፈርሞ ሰጠሽ?»

«ማንም። ነፃ ነው ጋሼ፤ ለፈለገው ሁሉ የተለቀቀ ነው።»

«እንግዲያ ቢጎድል ማን ይጠየቃል?»

«አይጎድልም። ስንት ሰው ቢወስደው እዚያው እንዳለ ነው።»

ወይ ጉድ! ቢወስዱት የማይጎድል ንብረት! ይህ ነገር አቶ ክንዱን ሦስት ቀን ሲያብሰለስላቸው ሰነበተ። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ይከፍቱላት ጀመር፤ ግን ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ከፕላዝማው የግድግዳ ማጥፊያ አጠገብ ባለው የኋላ አግዳሚ ተቀምጠው ፕላዝማቸውን ይጠብቃሉ። ፕሮጀክተሩንማ አንዴ ጠይቃቸው «እኔ ከሄድሁ በኋላ ተረካቢውን ጠይቂ» ብለዋታል።

ክርክሩ መሃል ላይ ርእሰ መምህሩ አቶ እንዳለው በበሩ ብቅ አሉ።

«ምንድን ነው ጫጫታው? አቶ ክንዱ፣ ይክፈቱላት እንጂ! ልጆቹ ለፈተና አይደል?»

«በጽሑፍ ይዘዙኝ፤ እከፍታለሁ።»

«ለአርባ ደቂቃ ደብዳቤ? ተነጋገሩ፣ ተግባቡ እንጂ» አሉና፣ የጠራ ስልክ ያለ ይመስል ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው እብስ አሉ።

ህይወት ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። «እሺ፣ እኔ ልፈርም። ፕላዝማውን በስሜ ወጪ ያድርጉልኝ፤ አንድ ነገር ቢሆን እኔ እጠየቃለሁ።»

አቶ ክንዱ እንዲህ ዐይነት ሰው አልገጠማቸውም ነበር። የወጪ ሞዴሉን ፓድ ከብብታቸው አውጥተው፣ ካርቦኑን አስተካክለው፣ «ፕላዝማ፣ ብዛት አንድ» ብለው ጻፉ። ተረካቢ በሚለው ላይ ህይወት ስሟን ጽፋ ፈረመች። ቅጠሉን ገንጥለው ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት፤ ያኔ ልባቸው አረፈና ቁልፉን አዞሩት።

ትምህርቱ ስለ ሕዋስ ክፍፍል ነበር። ቀጫጭን ክሮች የመሰሉ ነገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠጋጉ፤ ተጣበቁ፤ ከዚያ አንዱ ከሌላው ቁራጭ ቁራጭ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ አዩ?» አለ ኢርፋን የሚባለው የነጋዴ ልጅ ዞር ብሎ። «ያለ ሞዴል ተለዋወጡ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አቶ ክንዱ ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና፣ እሳቸውም ሳቁ አመለጣቸው።

«ቲቸር፣ እዚህ ላይ ያቁሙልን!» አለች ከመሃል እማዋይሽ። ከሽንዲ ገጠር መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ሳትገነዘብ የማታልፍ ልጅ ናት። ህይወት ጣቷን አሳረፈች፤ ክሮቹ ባሉበት ቀጥ አሉ። እንደገና መለሰችው። እንደገና አሳየችው። በአማርኛ አስረዳቻቸው። «አሁንስ?» ስትል «አሁን ገባን!» አለ ክፍሉ። ህይወት ከመምጣቷ በፊት የሚጠብቅ አስተማሪ በዚህ መስኮት ውስጥ ያየ ተማሪ አልነበረም።

ከውጭ ሰማዩ አጉረመረመ። የግንቦት ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል የአቶ ክንዱ ልብ አብሮ ድርግም አለ። ብድግ ብለው እጃቸውን ማጥፊያው ላይ አሳረፉ።

«መምህርት፣ ይበቃል! መብረቅ ነው!»

«አምስት ደቂቃ ጋሼ፣ ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል!»

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ትንሽ!» አለ ተማሪው ባንድ አፍ።

አቶ ክንዱ ሊያጠፉት ጣታቸውን ጫን አደረጉ። ክሮቹ ደግሞ እዚያ ማዶ መላቀቅ ጀምረዋል፤ ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች እየተጎተቱ ነው። ልጃቸው ካሰች ትዝ አለቻቸው። ካሰች ከዚህችው ትምህርት ቤት በአንደኝነት ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን ደውላ ነበር። «አባዬ፣ ዛሬ ማይክሮስኮፕ አቅርበው ሕዋስ እዩ አሉን። ሁሉም አየ፤ እኔ በየት በኩል እንደሚታይ ጠፋኝ። ሳቁብኝ። እኛ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ የለም ነበር እንዴ?» ብላቸው ነበር። እሳቸውም፣ አይ ሞኝነት፣ ኮራ ብለው «እንዴት አይኖር! አምስት አለ፤ የሰው እጅ አልነካውም!» አሏት። ካሰች ዝም አለች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ያኔ ልጃቸው ማየት ያቃታት ነገር ይህ ይሆን? ክሮቹ ወዴት እንደሚደርሱ ማየት አማራቸው። ጣታቸውን ከማጥፊያው ላይ አላነሱም፤ ግን አልተጫኑትም።

ቷ! አለ። ፕላዝማው አንዴ ነጭ ሆነና ጠቆረ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

 አምፖሉ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ በራ፤ ላፕቶፑም ደህና ነበር፤ ፕላዝማው ግን ጥቁር እንደሆነ ቀረ። አቶ ክንዱ ሄደው ነካኩት፤ ነቀሉት፤ ሰኩት። ምንም የለም። ከሳጥኑ ጀርባ ቀጭን ጭስ ወጣ።

«አለቀልኝ» አሉ ለራሳቸው። ወዲያው ግን እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ ወረቀቱ አለ። ፕላዝማው በእሳቸው ስም አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት የተጠነቀቁት ለእንዲህ ያለ ቀን አልነበረም?

ህይወት ፊቷ አመድ መስሏል። «ጋሼ፣ አይጨነቁ» አለች። «የፈረምሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ያስረክቡና ይሂዱ፤ እኔ የሚመጣውን እችላለሁ።»

ተማሪዎቹ ቢቆጡ ወይም ቢያለቅሱ ይሻል ነበር። እነሱ ግን ቀስ ብለው ደብተራቸውን ያጥፉ ጀመር። እንዲህ ያለው ነገር ብርቃቸው አይደለም። እማዋይሽ መጽሐፏን ከረጢቷ ውስጥ እየከተተች መምህሯን አጽናናች።

«ግዴለም ቲቸር፤ የቀረውን ዩኒቨርሲቲ ስንገባ እናየዋለን።»

አቶ ክንዱ ቀና አሉ። ካሰችም ሳታይ ነበር ዩኒቨርሲቲ የገባችው።

«ቁጭ በሉ!» አሉ ጮክ ብለው።

ሁሉም ደንግጦ ተቀመጠ። አቶ ክንዱ በዝናቡ ውስጥ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ወጡ። ግምጃ ቤቱን ከፈቱ። ሁሉም በየቦታው፣ ሁሉም ቁጥሩን ለብሶ፣ ተሰልፎ ኮሚቴውን ይጠብቃል። ማለዳ ሲወለውሉት ያረፈዱት ካርቶን ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እጃቸውን ዘረጉ፤ መለሱ። ይህም ቢቃጠልስ? ዝናቡ አላባራ፣ መብራቱ አይታመን። አንድ ሰዓት እንኳ ለማይሞላ ጊዜ ብሎ ሰው የዕድሜውን ልፋት እሳት ላይ ይጥላል? ወረቀቱ እንደሆነ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ በሩን ቆልፈው ኮሚቴውን መጠበቅ ይችላሉ። ማን ይናገራቸዋል? ማንም። ይህን ያህል ካሰቡ በኋላ «ራሴን የምናገረው እኔው ነኝ!» አሉና ካርቶኑን አወረዱት።

ክፍል ሲገቡ ውሃው ከኮታቸው ይንጠባጠብ ነበር፤ ካርቶኑን ግን ጠብታ አልነካውም። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ህይወት ዐይኗን አላመነችም።

«ፕሮጀክተሩን! ጋሼ፣ እንፈራረም እንዴ?»

«እንፈራረማለን እንጂ፤ ያለ ፊርማማ ምን ሊወጣ!» አሉና ሞዴሉን ዘረጉ። መጀመሪያ ግን ያንን የፕላዝማውን ቅጠል ከኪሳቸው አወጡ። በተረካቢ ቦታ ላይ ያለውን የህይወትን ስም ባንድ መስመር ሰረዙት። ከጎኑ «ክንዱ» ብለው ጽፈው ፈረሙ። የሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው ሥርዝ ነው፤ መስመሩም ጠመመ። ፓዱ ውስጥ የቀረውንም ቅጂ እንዲሁ አደረጉት።

«ምን እያደረጉ ነው? የወሰድሁት እኔ ነኝ እኮ!»

«እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ እናንተም አይታችኋል። ያላጠፋሁት እኔ ነኝ። ማየት አማረኝ፣ አየሁ። አለቀ።» ቀጥለው አዲሱ ቅጠል ላይ «ፕሮጀክተር፣ ብዛት አንድ» ብለው ጻፉ፤ አስረካቢ ላይ ክንዱ፣ ተረካቢ ላይም ክንዱ ብለው ፈረሙ።

ይህን ጊዜ ከግቢው በር የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አቶ እንዳለው ጃንጥላቸው ተገልብጦ እየሮጡ መጡ።

«አቶ ክንዱ! ኮሚቴው ደርሷል፤ ቀደም ብለው ነው የመጡት! በፕላዝማው እንጀምር እያሉ…» አሉና ሽታው አፍንጫቸው ውስጥ ገባ። ጥቁሩን መስኮት አዩ፤ ካርቶኑን አዩ። «ምንድን ነው ይህ? ኧረ እባክዎ! ይህን እንኳ አይክፈቱት፤ ዛሬን እንዲሁ ቢያስረክቡት ምናለበት? ጡረታዎን ያስቡ እንጂ!»

አቶ ክንዱ መለስ ብለው ካርቶኑን አዩት። ሦስት ዓመት ሙሉ በቀን በቀን አቧራውን ያራገፉለት ነው። ፕላስተሩ ዛሬም ያብረቀርቃል። እማዋይሽ ደብተሯን እንደገና ዘርግታ፣ እስኪርቢቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

«ይቀመጡና ይጠብቁኝ በሏቸው» አሉ። «ትምህርት ላይ ነን።»

ከዚያ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ጫፉን ፕላስተሩ ላይ አሳርፈው፣ ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቁት።

«ኢርፋን፣ መስኮቶቹን ዝጋቸው» አሉ። «ካቆምንበት ይቀጥላል።»