የጠገበው ሰውዬ ትእዛዝ

አማትየው አንዲት እንቁላል እንኳ ሳትመዘገብ መጠበስ የለባትም ብለው ያምናሉ፤ ምራታቸው ግን ምን እንደምትሠራ የምታውቀው ሽንኩርቱ መቁላላት ከጀመረ በኋላ ነው። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ስለ ነበሩ ሰፈሩ «አባባ ዝርዝር» ይላቸዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ እስከ ጉሮሯቸው የተቆለፈ፣ ሲስቁ እንኳ አስቀድመው ያስፈቀዱ የሚመስሉ ሰው ናቸው። እሷ አጭርና ሞላ ያለች ናት፤ ሳቋ በወጥ ቤቱ መስኮት ቀድሟት ይወጣል፤ ጨው የምትመጥነው በመዳፏ፣ ሰዓት የምታውቀው በድስቱ ድምፅ ነው። እሳቸው ረመዳንን አይጾሙም፤ እሷ ግን ወሩ ሲመጣ ከሩቅ አገር እንደ ተመለሰ ዘመድ ትቀበለዋለች።

እነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ምግብ ቤት አላቸው። ቤቱ የእሳቸው ነው፣ እጁ የእሷ። በመካከላቸው ልጃቸው፣ ማለትም ባሏ አለ፤ እሱም እንደ ሚስቱ ሙስሊም ነው፤ በአስተናጋጅነቱ ከአዳራሽ ወጥ ቤት፣ ከወጥ ቤት አዳራሽ ሲመላለስ ከምግቡ ይልቅ የሁለቱን ቃል ሲያቀባብል ይውላል። በሩ አጠገብ ደግሞ የአባባ ዝርዝር ታናሽ እህት ተቀምጠው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ወንድማቸውን መንቀፍ ከዕለት ሥራቸው ተለይቶ አይታይም።

አባባ ዝርዝር እንደ ዓይናቸው ብሌን የሚጠብቁት የምግብ ዝርዝር ሰባ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ ገጹ ሁሉ ላስቲክ ለብሷል። ቁጥር አርባ ስምንት ከቁጥር አሥራ ሰባት የሚለየው ሞላላ ሳህን ላይ በመቅረቡ ብቻ ነው። በዓመቱ አሥራ አንድ ወራት ይህ ሁሉ ምርጫ ማንንም አይጎዳም፤ ሰው በየራሱ ሰዓት ይርበዋል፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ከመንገዱ ማዶ ግን መስጂድ አለ፤ ረመዳን ሲገባ ወደ ስድሳ የሚጠጋ ሰው በአንዲት ደቂቃ አፉን ይከፍታል። ምድጃው ያለው አራት እሳት ነው።

ባለፈው ዓመት ምራትየዋ ሠላሳውን ቀን ቆማ አፈጠረች፤ አንዲት ቴምር በጉንጯ፣ ጭልፋ በእጇ። ዘንድሮ ወሩ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ አማቷ ቀረበች።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነበር።»

«ተናገሪ ልጄ።»

«ቁጭ ብዬ ማፍጠር እፈልጋለሁ።»

«ማን ከለከለሽ?»

«ቁጥር ሰባ ሁለት።»

«እሱ እኮ የፍራፍሬ ጭማቂ ነው።»

«እሱም፣ ከእሱ በፊት ያሉት ሰባ አንዱም።» ሳቀች፤ ቀጥላ ግን ሳትስቅ ተናገረች። «የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል። ሥራው ፀሐይ ሳትገባ ያልቃል። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ብዬ ካፈጠርኩ፣ መግሪብንም በሰዓቱ ከሰገድኩ፣ እዚሁ ነኝ። ካልሆነ በስምንተኛው ቀን እዚያ እገባለሁ፤ ልጅዎ መሆኔ ግን እንዳለ ነው።»

አባባ ዝርዝር ወሽመጣቸው ተቆረጠ። ያለ እሷ እጅ ሰባ ሁለቱ ቁጥሮች የንባብ መጽሐፍ ብቻ ሆነው እንደሚቀሩ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ስለዚህ ሌሊቱን አሰቡበት፤ ጠዋት በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፉ፦ ትእዛዝ የሚሰጠው ፀሐይ ከመግባቷ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው።

ሐሳቡ በወረቀት ላይ እንከን አልነበረውም። እንከኑ የመጣው ልብስ ሰፊው ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ነው። ልብስ ሰፊው ሱቁ ከጎን ያለ፣ መርፌ የሚያህል ሰው ነው። ዝርዝሩን እንደ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች አነበበና ዘጠኝ ምግብ አዘዘ።

«እንግዳ አለብህ እንዴ?» አለው አስተናጋጁ።

«የለብኝም። ረሃቤ ግን አብሮኝ መጥቷል።»

ከእሱ ቀጥሎ የተቀመጡት አራት መምህራን በአራት አፍ ሠላሳ አንድ ምግብ አዘዙ። የአንደኛው ጣት ገጹ ላይ ቁጥር በቁጥር ሲወርድ ቆይቶ በመጨረሻ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ አረፈው። አዛን ተሰማ። ሰዎቹ በቴምርና በውሃ አፈጠሩ፣ ተሻግረው ሰገዱ፣ ተመለሱ፤ ከመጀመሪያው ሳህን ጥቂት እንደ ጎረሱ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተነፈሱ። በዚያን ጊዜ ምራትየዋ በአራቱ እሳት መካከል ላቧን እየጠረገች፣ ጠግበው ለጨረሱ ሰዎች ቁጥር ሃምሳ አራትን እየጠበሰች ነበር። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። ሦስቱንም ቀን ቆማ አፈጠረች፤ መግሪብንም ሦስቱንም ቀን በመጨረሻዋ ሰዓት እየተንጠለጠለች ሰገደች።

በአራተኛው ቀን አባባ ዝርዝር ፊታቸው በርቶ መጡ።

«ስሕተቱን አገኘሁት» አሉ። «የተራበ ሰው ጤነኛ ትእዛዝ አይሰጥም። ትእዛዝ መቀበል ያለብን ከጠገበ ሰው ነው። ስለዚህ ማታ በልተው ሲጨርሱ የነገውን ያዝዛሉ፤ ይፈርማሉ።»

«ወንድሜ» አሉ እህታቸው ከበሩ፣ «የሰውን ሆድ በፊርማ ልታስር ነው?»

«ሥርዓት ነው።»

ቅጹ ተባዛ፤ ስም፣ ቁጥር፣ ፊርማ። ያን ማታ ልብስ ሰፊው አፉን ጠርጎ፣ ቀበቶውን በአንድ ቀዳዳ አላልቶ ብዕሩን ተቀበለ።

«ነገ?» አለ፣ ስለ ሩቅ ዘመን የተጠየቀ ይመስል። «እኔ ከእንግዲህ ምግብ የሚሉትን ነገር የማይ አይመስለኝም። ሾርባ ጻፍልኝ። ትንሽ።»

ሁሉም እንደ እሱ ነበሩ። ቅጾቹ ሲሰበሰቡ ከሃምሳ ስምንት ሰዎች አርባ ዘጠኙ ሾርባ፣ ስድስቱ ሰላጣ ብቻ አዝዘዋል፤ ሁለቱ «ምንም» ብለው ፈርመዋል፤ አንዱ ደግሞ ለሽማግሌው ክብር ሲል ጭማቂ ጽፏል። አባባ ዝርዝር ቅጾቹን በፊደል ተራ ሲያደራጁ ያዜሙ ነበር።

«አባባ» አለች ምራታቸው ወረቀቶቹን አገላብጣ፣ «እነዚህ ሰዎች እኮ ነገ ይርባቸዋል።»

«ፈርመዋል ልጄ።»

እሷም ክርክር አልወደደችም። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሾርባውን ጥዳ ስትጨርስ ሥራ ፈታች፤ ሥራ መፍታት ደግሞ አታውቅበትም። ሩዝና ሥጋ ለቤተ ሰቡ ልሥራ ብላ ጀመረች፤ መጥና ስለማታውቅ ድስቱ ሕፃን የሚታጠብበት ገንዳ አከለ። በወጥ ቤቱ ጥግ ትንሿን ጠረጴዛ ጠርጋ ለአማቷ፣ ለእህታቸው፣ ለባሏና ለራሷ አራት ሳህን ደረደረች። አዛን ሲሰማ አፈጠረች፣ ሰገደች፣ ከዚያም ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሮቿን ወደፊት ዘርግታ አየቻቸው፤ ከተለያዩ የቆዩ ያህል።

በአዳራሹ ደግሞ ሰዎቹ ሰግደው ተመልሰው ሾርባው ቀርቦላቸዋል። በአራት ደቂቃ ውስጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ባዶ ሳህን የሚፍቅ ማንኪያ ብቻ ሆነ። ልብስ ሰፊው ተነሣ።

«ሌላውስ?»

«ሌላው ምን?» አሉ አባባ ዝርዝር።

«ምግቡ።»

ቅጹን አውጥተው ከፊቱ ዘረጉለት። «ይህ ፊርማ ያንተ አይደለም?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«የፈረመው የጠገበው ሰውዬ ነው፤ እሱን ጠይቁት። እኔ ትናንት ምን እንደ ነካው አላውቅም።»

ከመምህራኑ ትልቁ መነጽራቸውን አወለቁ። «‹የጠገበ ለተራበ አያዝንም› ሲባል ነገሩ ስለ ሁለት ሰዎች ይመስለኝ ነበር» አሉ በሐዘን።

ያን ጊዜ የድስቱ ሽታ በመስኮቱ ወጣ። ሃምሳ ስምንት አፍንጫ በአንድነት ዞረ። አስተናጋጁ ወደ ወጥ ቤት ገባና ሚስቱ ፊት ቆመ፤ ድስቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ጭልፋው በእጇ ነበር፤ ገና አልጎረሰችም።

«ውሰደው» አለች። «ተከፍቶ የሚሄድ እንግዳ አልወድም።»

ድስቱን ሁለት ሆነው ተሸክመው አዳራሹ መካከል አስቀመጡት። ለሃምሳ ስምንት ሰው ለማቅረብ ሾርባው ከተጠጣበት ጊዜ ብዙም አልፈጀም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ስለ ሆነ የሚያምታታ ነገር አልነበረም። ልብስ ሰፊው ሦስተኛ ሳህኑን ሲያስሞላ ቀና አለ።

«ይህ ቁጥር ስንት ነው?»

አባባ ዝርዝር ዝርዝሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገለጡ። «ቁጥር የለውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እንዲህ ከሆነ ቁጥሮቹ ናቸው እስካሁን የበደሉን።»

ሁሉም ስቀውና አመስግነው ሄዱ። አባባ ዝርዝር እጅግ ተደስተው ምራታቸውን ሊያመሰግኑ ወጥ ቤት ገቡ። አራቱ ሳህኖች እንደ ተደረደሩ ንጹሕ ናቸው። እሷ የመታጠቢያውን ጠርዝ ተደግፋ፣ ከድስቱ ሥር የያዘውን እየፋቀች ቆማ ትበላለች።

«ኧረ ተቀመጪ ልጄ።»

«አሁንማ ጨረስኩ እኮ አባባ።» ፈገግ አለች፤ ቁጣ ቢሆን ይሻላቸው ነበር። «አልተቀየምኩም። ቆመው ሲበሉ እህሉ እግር ላይ ይቀራል መሰለኝ፤ እግሬ ብቻ ነው የከበደው። ሁለት ቀን ቀርቶናል።»

አባባ ዝርዝር ከንጹሖቹ ሳህኖች አንዱን አንሥተው አዩት፤ መልሰው አስቀመጡት።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቤተ ሰቡን ሁሉ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰቡ። ላስቲክ የለበሱት ዝርዝሮች በሙሉ በገመድ ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። አባባ ዝርዝር ቆመው ወረቀት ዘረጉ።

«አንደኛ» ብለው አነበቡ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዒድ ድረስ ዝርዝሩ ዕረፍት ወጥቷል።»

«አሞት ነው?» አሉ እህታቸው።

«ሁለተኛ፣ በቀን አንድ ድስት ይሠራል። ምን እንደሚገባበት የምትወስነው ምራቴ ናት፤ አስቀድማ የማወቅ ግዴታ የለባትም። ሦስተኛ፣ ቴምሩ፣ ውሃውና ሾርባው ከአዛን በፊት በየጠረጴዛው ይቀመጣል። አዛን ሲሰማ እሳቱ ይጠፋል፣ ወጥ ቤቱም ባዶ ይሆናል። ከዚያ ለመግሪብ ሩብ ሰዓት ያህል የሚቀርብ ነገር የለም፤ የሚሰግድ ይሰግዳል። አራተኛ፣ ድስቱ አዳራሹ መካከል ይወጣል፤ የመጀመሪያው ሳህን በመስኮቱ በኩል ላለው ጠረጴዛ ነው። እዚያ የሚቀመጡት ምራቴና ልጄ ናቸው።»

«አባዬ» አለ ልጃቸው፣ «እኔም ከተቀመጥኩ ማን ያስተናግዳል?»

አባባ ዝርዝር ወረቀቱን አጠፉት፤ የቀረው አልተጻፈም ነበር።

«እኔ ነኛ። ጿሚ አይደለሁም፣ ቀትር ላይ በልቻለሁ፣ እግሬም ጤነኛ ነው።»

«አንተ?» አሉ እህታቸው። «የራስህን ውሃ ከተቀዳበት አንሥተህ የማታውቅ?»

«ለዚህ እኮ ነው ጉልበቴ ያልተነካው።»

ምራትየዋ ሽርጧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን ልትይዝ ሞከረች። «አባባ፣ ግን ትሪ ይዘው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ በሙሉ ክብር። «ስለዚህ ዛሬ ሾርባው ጎደል ተደርጎ ይቀዳ።»