በዋንጫው ልክ

«እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ነፍስ ይማር። እንግዲህ ውሻዋን ይስጡኝና ልሂድ» አለ ፈንታ፣ ገና ደጃፉን ሳይሻገር። ውሻዋን ያዘዘችው ወይዘሮ አሽከር ነው፤ ከደብረ ታቦር ስማዳ ድረስ ሲመጣ ለቅሶ ላይ እደርሳለሁ ብሎ አላሰበም።

ዕለቱ የማንጠግቦሽ ባል የደሴ ሣልስት ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። የተናገረችው ጎረቤታችን ይታይሽ ብቻ ናት፤ እሷ እንኳን ለቅሶ ቤት፣ ቅዳሴ ላይም አፏ አያርፍ።

«ሰው ሞቶ ለውሻ ይመጣል?» አለች፣ እስከ ጓሮ በሚሰማ ሹክሹክታ።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ትንሿን ውሻ ምስርን ጉያዋ ውስጥ አጥብቃ ያዘች። «አልሰጥም።»

«ወንድሜ ቃል ገብቶባታል!» አለ የሟች ታላቅ ወንድም አያሌው። «የሟች ቃል ይታጠፋል? በመቃብሩ ልታሳፍሪው ነው?»

ደሴ ወይዘሮዋ ቤት ሲያገለግል ኖሮ ጥንድ የፈረንጅ ውሾች ይዞ ነው አገሩ የገባው። ከዚያ ወዲህ ትንሹን ከትንሿ እያዳቀለ፣ ቡችሎቹን ከጡት ያለጊዜያቸው እየነጠቀ፣ እጅጌ ውስጥ የሚገቡ ውሾች ለእመቤቶች ይሸጣል። መለኪያው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የቀንድ ዋንጫ ነው፤ ዋንጫው ውስጥ የገባች ትሸጣለች። እኛ ጎረቤቶቹ «ደሴ ዘንድሮ ደግሞ ቁንጫ ሊያረባ ነው» እያልን ስንስቅ ማንጠግቦሽ አትስቅም። የምስር እናት ሁለት ቀን ስታምጥ ያደረችው ከእሷ ጋር ነው። በዚያ ጠባብ ዳሌ እንዴት ትውለድ? ምስር ተረፈች፤ እናቲቱ ሞተች።

«ለምን ታሳንሳቸዋለህ?» አለችው ያን ዕለት።

«እኔ ነኝ? የሚገዙት ናቸው እንጂ!»

ጥቂት ቆይቶ ምስርንም ለወይዘሮዋ ቃል ገባ። ይህን ይቅር አላለችውም። ደረቱን ታሞ ወር ሙሉ ሲተኛ ጠዋት ማታ ወተት በቅል ታቀርብለታለች፣ ቃል ግን አትተነፍስለትም። ቅሉ ባዶውን ሲመለስላት በልቧ «ይድናል» ትል ነበር። እሱ ግን እየመነመነ ሄዶ፣ ይቅር ሳትለው ሞተ።

ፈንታ ዋንጫውን ከግድግዳው አወረደ። «የታዘዝኩት ልኳን አይቼ እንዳመጣ ነው።»

አያሌው ውሻዋን ከማንጠግቦሽ ጉያ ነጥቆ ወደ ዋንጫው ሰደዳት። የፊት እግሮቿ ገቡ። ወገቧ ተቀረቀረ። ገፋ ቢያደርጋት ጮኸች።

«ይቺማ ወፍራለች!» አለ ፈንታ። «ምን ቢያበሏት ነው?»

«እኔ? ከደረቅ ቁራሽ በቀር…»

ማንጠግቦሽ አልጨረሰችውም። ምስር ወሩን ሙሉ ከደሴ መደብ ሥር ንቅንቅ አላለችም ነበር። ወተቱን ማን ሲጠጣው፣ ማንስ ሆን ብሎ ሲያጠጣት እንደኖረ አሁን ገባት።

ወተቱ ሲቀርብ ያይ የነበረው አያሌውም እህል ውኃ ያጣውን የወንድሙን ፊት አስታወሰ መሰል፣ ውሻዋን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጣት። «ቃሉ በዋንጫው ለምትገባ ነው» አለ ለፈንታ። «ይቺ አትገባም። ለእመቤትህ እንዲሁ በል።»

ፈንታ ባዶ እጁን ወጣ።

ማንጠግቦሽ ጎረቤት ለእዝን ካመጣው ወተት ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላችው። ከባዶው መደብ ሥር ተንበርክካ ለምስር አዘነበለችላት። ዓይኗ ግን ከመደቡ አልተነቀለም።

«ጠጣ፣ ደሴ» አለች። «ጠጣልኝ።»