ድርጭቶቹ ደህና ናቸው

እታፈራሁ ውሸት አታውቅም ቢባል ሰፈርተኛው ይስቃል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሶዶ ገበያ ቅመም የሸጠች ሴት ከየት አምጥታ ነው ውሸት የማታውቀው? ልጇን ያሬድን ግን ዋሽታው አታውቅም ነበር። አንድ ልጇ ነው። ድርጭቶቹ ናቸው ያስዋሿት።

ያሬድ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣ ጓሮው ውስጥ ድርጭት ማርባት ጀመረ። እንቁላላቸው ዝንጉርጉር ነው፣ ከአውራ ጣት ጫፍ ብዙም አይበልጥ። መጀመሪያ ላይ ሰፈሩ "የወፍ እንቁላል ሊያበላን ነው" እያለ ሲያላግጥበት ከረመ። ኋላ ለአስም ነው፣ ለደም ግፊት ነው ሲባል ያ ሁሉ አላጋጭ ሳህን ይዞ ደጅ ይጠና ጀመር። የድርጭቶቹንም ቤት ራሱ ነው የሠራላቸው፤ እንደ መሳቢያ ዝቅ ያለ፣ በጣሪያ ፈንታ ጆንያ የተወጠረበት። እንቁላሉ ግን ለጎጆ መውጫ አልበቃ አለና ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ ተነሣ። ሲሰናበታት "እማዬ፣ ወፎቼን አደራ፤ ስመጣ ትልቅ እርባታ የምንከፍተው በእነሱ ነው" አላት።

እሷ ደግሞ አዘነችላቸው። "ልጄ በሰው አገር ሲንከራተት የእሱ ወፎች እንዲህ ታፍነው ይኑሩ?" አለችና አናጢ ጠርታ ቁመቱ ሰው የሚያህል የሽቦ ቤት አሠራችላቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ድርጭት ሲደነግጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ያ ጆንያ አናታቸውን ሊያድን የተወጠረ ነበር። ያሬድ ይህን ያውቃል፤ ለእናቱ ግን አልነገራትም። ቤቱን ታፈርሰዋለች ብሎ ማን ያስባል?

ክረምት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ሁሉም ባንድ ላይ ተነሡ። በረዶው አባርቶ ወጥታ ስታይ የቆሙት ሦስት ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ከሽቦው ተላትመው መሬት ላይ ተዘርግተዋል። እርጥቡ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ በእጇ እየለቀመች እንሰቱ ሥር ቀበረቻቸው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ያሬድ እንደ ልማዱ ደወለ።

"ወፎቼስ?"

"ደህና ናቸው" አለች፣ ቶሎ ብላ። ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው መወደድ፣ ስለማይረባው ሁሉ አወራችው። ስልኩን ወደ ወፎቹ አስጠጊልኝ ሲላት አስጠጋች፤ ሦስቱ የሠላሳ ያህል ጮኹ። "እነሱን ስሰማ ቤቴ ያለሁ ይመስለኛል" አለ ያሬድ። ይህን ሰምታ እንዴት ትንገረው? በየእሁዱ ደህና ናቸው፣ ደህና ናቸው ስትል ከረመች።

ውሎ አድሮ ጉዳዩ ከነከናትና ለነፍስ አባቷ ነገረቻቸው። "አደራ በልተሽ ዝም አይባልም፤ ንገሪው" አሏት። ለመንገር ቆርጣ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። በዚያ እሁድ ግን አልደወለም። በቀጣዩም አልደወለም።

ሰኞ ከሰዓት ጎረቤቷ ህብረት መጣች። የባሏ የቸርነት ወንድም አሮን እዚያው ደቡብ አፍሪካ ከያሬድ ጋር አንድ ቤት ነው የሚኖረው። ህብረት ትኩስ ጎደሬ ከዳጣ ጋር ይዛለች።

"ይብሉ እትዬ፤ ዛሬ እህል የቀመሱ አይመስለኝም።"

"አሮን ደውሎላችኋል?"

"ደውሏል።"

"ያሬድስ?"

"ደህና ነው" አለች ህብረት፣ ቶሎ ብላ። "ስልኩ ተበላሽቶበት ነው። ዝናቡስ ዘንድሮ እንዴት ነው እትዬ፤ ጎደሬው እንኳ ውሃ ውሃ ብሎ ቸርነት አልበላም አለኝ…"

እታፈራሁ ወደ አፏ ያስጠጋችውን መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ያንን "ደህና ነው" ታውቀዋለች። መፍጠኑን ታውቀዋለች፤ ተከትሎት የሚመጣውን የዝናብ ወሬም ታውቀዋለች። የራሷ ነው።

"ህብረት" አለች፣ "እኔም ስለ ወፎቹ እንዲህ ነበር የምለው።"

የወፎቹን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ህብረት አፏን በእጇ ያዘች፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

"ሽማግሌዎቹ ነገ በማለዳ መጥተው ሊያረዱዎት ነበር። እኔን እህል አስቀምሻት ብለው ነው የላኩኝ። መኪና ነው እትዬ… መኪና ነው የገጨው።"

እታፈራሁ ስልኳን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ህብረትም እያለቀሰች ተከተለቻት። ሦስቱ ድርጭቶች በዚያ ረጅም ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ማንም ያልደወለበትን ስልክ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ያሬድዬ፣ ሦስት ናቸው" አለችው። "የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። የጨረስኳቸው እኔ ነኝ ልጄ፤ ያዘንኩላቸው መስሎኝ ነው።"

ከዚያ እንዲሰማቸው ስልኩን ወደ ሽቦው አስጠጋችለት።